ዋቅወያ ከአኖ ከተመለሰ በኋላ

ዋቅወያ ኢዶሳ ነቀምቴ ውስጥ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ድሬሰር ነበር። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ የተሰበረ እግር በጀሶ ሲታሰር ደግፎ ይይዛል። ሰው ግን ከሥራው ይልቅ የሚያውቀው በሰላምታው ነው። በእኛ አገር ሰላምታ ቶሎ አያልቅም፤ የሰውየው ደህና ማደር ብቻ ሳይሆን ልጁ፣ ከብቱ፣ ማሳው፣ የጎረቤቱ ሁኔታ ሁሉ ይጠየቃል። ዋቅወያ ይህን ሁሉ የሚጠይቀው የሰውየውን እጅ በሁለት እጆቹ መሀል ይዞ ነው። ከኡኬ በቃሬዛ የመጣ ገበሬ «አከም ቡልታኒ?»፣ እንዴት አደሩ፣ ተብሎ እጁ ሲያዝ ትንፋሹ ረጋ ይላል። ኦሮምኛ ለማይሰማ የጎጃም ነጋዴም «እንዴት አደሩ ጋሼ?» ይላል፤ እጅ አያያዙ ግን ያው ነው።

ቤታችንን ከቤታቸው የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ስለነበር ብዙውን በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁትን የነገረችኝ ሚስቱ ወርቂቱ ናት፤ የቀረውን ደግሞ እሱ ራሱ፣ ኋላ ማውራት ሲችል።

በ1963 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ፣ ሌላውን ዓለም ሲያዳርስ የከረመው የኮሌራ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ መንገድ በኩል ወደ እኛም ደረሰ። ጠዋት ገበያ የወጣ ሰው ሲመሽ ይቀበራል ይባል ጀመር። በዚያው መንገድ ዳር ባለችው አኖ ከተማ ብዙ ሰው ስለታመመ፣ ለክረምት የተዘጋው ትምህርት ቤት የበሽተኛ ማቆያ ሆነ። ከሆስፒታሉም ጥቂት ሠራተኞች ወደዚያ ተላኩ። አለቃቸው ሲስተር ሸዋጌጥ ነበረች፤ አዲስ አበባ የተማረች፣ ቀጠን ያለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትናገር የሸዋ ሴት።

ዋቅወያ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቅና ሰው ስለሚወደው በሩ ላይ እንዲቆም ተመደበ። በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲህ በሽተኛ ነው፤ ከገመዱ ወዲያ ዘመድ። እሱ በሽተኛውን ይቀበላል፣ ዘመዱን ይመልሳል። ሰው ሲሞት ወጥቶ የሚያረዳውም እሱ ነው። ሬሳ ለቤተ ዘመድ አይሰጥም ነበር። በወጉ ታጥቦና ተገንዞ፣ ተለቅሶለት ይቀበር የነበረው ሰው ኖራ ተነስንሶበት ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ይቀበራል። እናት ገመዱን ይዛ «ፊቱን ብቻ ልየው» ስትለው «አይሆንም አዴ» ይላታል፤ እናቴ ማለቱ ነው። ልክ ነበር። ገመዱን ያለፈ ሰው በሽታውን ይዞ ወደ መንደሩ እንደሚመለስ ከማንም በላይ ያውቃል። ማወቁ ግን አላገዘውም። ዕድሜ ልኩን ሰዎችን የተቀበለበትን እጅ፣ አሁን መዳፉን ዘርግቶ ይመልስበት ነበር።

መስከረም አጋማሽ ላይ በሽታው በረደ። የዳኑት ከሞቱት ይበዙ ስለነበር የሆስፒታሉ ሐኪም ሠራተኞቹን አመስግኖ ወደየቤታቸው ሰደዳቸው።

ወርቂቱ ዶሮ ሠርታ፣ ጎረቤት ጠርታ ጠበቀችው። ከመኪና ወርዶ ሲመጣ እኔም ወጣሁና እጄን ዘረጋሁለት። እሱ እጆቹን ወደ ኋላው ደብቆ በአንገቱ ብቻ ሰላም አለኝ።

«ገና ነኝ» አለ። «መጀመሪያ ልታጠብ።»

ታጠበ። ወጣና ተቀመጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ተነሥቶ እንደገና ታጠበ። ምግቡን ከማዕዱ አስነሥቶ በሳህን ለብቻው በላ። ያን ቀን ድካም ነው አልን። ድካሙ ግን አልወጣለትም። ከሆስፒታል ባመጣው በረኪና እየታጠበ የጣቶቹ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። ወርቂቱ ቅቤ ልትቀባው ስትቀርብ ይሸሻታል። የሚተኛው እህል የሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ ሆነ።

ከሁሉ የከፋው የጃለኔ ነገር ነበር። ጃለኔ ትንሽ ልጃቸው ናት፤ አባቷ ከሥራ ሲመጣ «አባ!» እያለች ሮጣ እግሩ ላይ መጠምጠም ልማዷ ነው። አሁንም ሮጣ ታቅፈዋለች። እሱ ግን ጠመንጃ እንደተደገነበት ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሣል። ልጅ ቶሎ ይማራል። ጥቅምት ሳይጋመስ መሮጧን ተወች፤ አባቷ ሲገባ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና ታየዋለች።

ጎረቤቱ ሁሉ ያሰበውን ተናገረ። አንዳንዱ ጠበል ይወሰድ አለ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩለት፤ ጸሎቱን አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ አንደኛው ሽማግሌ ራሱ ላይ እጃቸውን ሊጭኑ ሲሉ ግን ብድግ ብሎ ወጣ። ወርቂቱ ከኋላው ወጥታ አጥሩ ሥር ቆሞ አገኘችው።

«ምን በደልንህ?» አለችው።

«ምንም። አንቺን እንዳልጎዳ ነው።»

«ማንንም አልጎዳህም እኮ።»

አልፏት እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ሆስፒታልም እንደዚያው ሆነ። ሲያስመልሰው የሚያቃስት በሽተኛ ድምፅ ከሰማ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። አንድ ቀን የመርፌ ሳህን ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ እሱ ግን መለስ ብሎ እንኳ ሳያይ ወጣ። ሲስተር ሸዋጌጥ ከሕንጻው ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ አገኘችው።

«አቶ ዋቅወያ፣ አሞዎታል?»

«ደህና ነኝ ሲስተር።»

አጠገቡ መጥታ እሷም ግድግዳውን ተደገፈች። እንደዚያ ስትቆም አይቷት አያውቅም።

«እኔ ደህና አይደለሁም» አለችው።

ዞሮ አያት።

«የዕቃ መቀቀያውን ክፍል ታውቀዋለህ» አለች፤ ከተዋወቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብላው ነበር። «ማሽኑ ሲፈላ ጩኸቱ ከባድ ነው። በሩን ዘግቼ እዚያ አለቅሳለሁ። ሰው መቀስ የምቀቅል ይመስለዋል።»

«እርስዎ?»

«እኔ። ውሃ ሲንጠባጠብ ከሰማሁ የሆነ ሰው ጉሉኮስ ያለቀበት ይመስለኛል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከአልጋዬ እነሣለሁ፤ ግን የምሄድበት በሽተኛ የለም።»

ዋቅወያ «የምናብድ ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቃት።

«አላውቅም» አለች። «በትምህርት ቤት ይህን አላስተማሩንም። የማውቀው፣ ቁስል እንደተሸፈነ ከቆየ እንደሚመግል ነው። ይህን ደግሞ አንተም ታውቃለህ።»

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ገብታ ስለ እሱ ተናገረች። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበርና «ፈቃድ ይውሰድ፣ ቤቱ ይረፍ» አለ። ሲስተር ሸዋጌጥ ግን ቤቱ ቢሄድ ጓዳ ውስጥ ለብቻው እንደሚቀመጥ ገምታ ነበር። «ከዋርድ ይውጣ፣ ከሰው ግን አይውጣ» አለች። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ በልብስ ማጠቢያ እንዲሠራ ተፈቀደለት።

ልብስ ማጠቢያው ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ፀሐይ የማይለየው ሜዳ ዳር ነው። የዚያ አለቃ እማማ ዘርፈሽ ነበሩ፤ ደብረ ማርቆስ ተወልደው፣ ወታደር አግብተው ወለጋ የመጡ፣ ባላቸውም ሞቶባቸው እዚሁ የቀሩ ሴት። ኦሮምኛቸው የጎጃም ዜማ አለው፤ ዋቅወያ ሲሰማው ድሮ ይስቅ ነበር። ያን ቀን አልሳቀም። እሳቸውም ምን ሆነህ ነው ብለው አልጠየቁትም። ከሽቦው ላይ የደረቀ አንሶላ አወረዱና አንዱን ጫፍ ሰጡት።

«አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም» አሉት። «በል ያዝ።»

አንሶላ ሲታጠፍ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል። ወጠር ያደርጉታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ አንዱ ወደ ሌላው እየተራመደ ጫፍና ጫፉን ያገናኛል። ሲገናኝ እጅና እጅ ይነካካል። ዋቅወያ ይህን ሲያውቅ ከመሀል ቆመ። ጫፉን ቅርጫቱ አፍ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ሸሸ። እማማ ዘርፈሽ ከቅርጫቱ አንሥተው አጠፉትና ሌላ አወረዱ። እንደገና ጫፉን አስቀመጠው፤ እንደገና አነሡት። ብዙ ቀን እንዲህ ሠሩ። ሴትዮዋ ስለ ሳሙና መጥፋት፣ ስለ ጎረቤታቸው ፍየል፣ ባላቸው ሲሰክር ስለሚዘፍነው ዘፈን ያወራሉ። መልስ አይጠብቁም። አንዳንዴ እሱ «እሺ» ይላል።

ኅዳር ውስጥ ከቀኑ በአንዱ ነፋስ ተነሣ። አንሶላውን ከመሀላቸው ነፍቶ ወደ ጭቃው ሊጥለው ሲል ሁለቱም ሊያድኑት ሮጡ። ጨርቁ ላያቸው ላይ ተጠመጠመና ሲፈታቱት እጁ በእሳቸው እጅ ውስጥ ተገኘ። ሊነጥቅ ሲል ያዙት።

«እንዴት ቀዝቅዟል እጅህ» አሉ፤ አልለቀቁትም።

ቅርጫቱ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደሚያለቅሰው ሳይሆን ልጅ እንደሚያለቅሰው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። እማማ ዘርፈሽ አንሶላውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት።

«አልቅስ ልጄ» አሉ። «ሰው ከመጣ የሳሙናው አረፋ ዓይኑ ገብቶ ነው እለዋለሁ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ጫፉን ቅርጫቱ ላይ ማስቀመጥ ተወ። ቤት ሲገባ ግን አሁንም በረኪናውን አልተወም።

ክረምቱ ያበላሸው መንገድ ደርቆ መኪና እንደልብ መመላለስ ሲጀምር፣ ሲስተር ሸዋጌጥ ወደ ልብስ ማጠቢያው መጣች። ከአርጆ የመጡ ሴት አኖ በር ላይ የነበረውን ሰው እየፈለጉ ነው አለችው። ዋቅወያ ፊቱ ተለዋወጠ። ሲፈራው የነበረ ቀን ነው። ከገመዱ ወዲያ የቀሩት እናቶች አንድ ቀን መጥተው «ለምን ከለከልከኝ?» እንደሚሉት ያውቅ ነበር።

«ካልፈለግህ የለም እላቸዋለሁ» አለች ሲስተር።

«ይምጡ» አለ፤ ከዚያ ወደ እማማ ዘርፈሽ ዞሮ «እርስዎ ግን አይሂዱ» አለ።

ሴትዮዋ አዴ ድርቤ ይባላሉ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ረጅም መንገድ የመጣ ሰው ድካም ፊታቸው ላይ ነበር። ሣሩ ላይ ተቀመጡና በኦሮምኛ ተናገሩ። ልጃቸው ዓባይነሽ ትባል ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ የመምህርነት ትምህርት ልትማር ከአርጆ አዲስ አበባ በአውቶብስ ስትሄድ መንገድ ላይ ታመመች፤ አኖ ላይ አወረዷት። ወሬው እናቷ ዘንድ የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው።

«ልወቅስህ አልመጣሁም፣ ኢልመ ኮ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አጠገቧ ሰው ነበር? እኔ በተኛሁ ቁጥር የማያት ለብቻዋ ነው። ይህ ነው ከእንቅልፌ የሚያነቃኝ።»

ዋቅወያ የተሰነጣጠቁ እጆቹን እያየ ቆየ።

«እኔ ነበርኩ» አለ። «ሌሎቹ ሁሉ ከገመዱ ማዶ ዘመድ ነበራቸው። እሷን ብሎ የመጣ ሰው ስለሌለ የምመልሰው አልነበረኝም። በሩ ጸጥ ሲል እየገባሁ አጠገቧ እቀመጥ ነበር።»

«ተናገረች?»

«ተናገረች። ሹሩባው ራሴን ጠፍንጎ ይዞኛል፣ ፍታልኝ አለችኝ። እኔ ሹሩባ ፈትቼ አላውቅም። በዚያ ላይ ጓንት አድርጌያለሁ፤ ጓንቱ ጸጉሯን እየያዘ አስቸገረኝ። ‹የአርጆ በሬ በቀንዱ ካንተ የተሻለ ይፈታል› አለችኝ።»

አዴ ድርቤ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የወጣው ድምፅ ግን ሳቅ ነበር።

«እሷ ናት» አሉ። «እሷ ራሷ ናት። ከዚያስ?»

«ከዚያ ስለ እርስዎ አወራችኝ። ለመንገድ ያስያዟትን ጭኮ አውቶብሱ ላይ ከጎኗ ለተቀመጠ ሰው እንዳካፈለችው ነገረችኝ። ሙሉውን ሳልበላው ቀረሁ ብላ አዘነች። ‹እናቴ ብትሰማ ለሰው መስጠቴን ትወደዋለች፣ አለመብላቴን ግን አትወደውም› አለች።»

«እውነቷን ነው።»

«ጉሉኮሱ ሁለት ጊዜ ተቀይሮላታል፤ ያልተደረገላት ነገር የለም። ግን ዘግይታ ነው የደረሰችው። እኔ ጸጉሯን ስፈታ እንቅልፍ ወሰዳት። አልነቃችም። እጄ ራሷ ላይ ነበር።»

ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም ነበር፤ ለሚስቱም፣ ለሲስተር ሸዋጌጥም።

አዴ ድርቤ ተንፏቅቀው ቀረቡትና «የቱ እጅህ ነው?» አሉ።

ቀኙን ዘረጋ። ተቀብለው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፣ ከዚያ ሳሙት፣ ከዚያ ጭናቸው ላይ አኑረው ያዙት። እማማ ዘርፈሽ ዘወር ብለው ደረቁን ልብስ ከእርጥቡ ጋር ይቀላቅሉ ነበር።

ያን ቀን አዴ ድርቤ ዋቅወያ ቤት አደሩ። ወርቂቱ እግራቸውን ስታጥብ እንግዳዋ ሁሉን ነገሯት፤ ወርቂቱም ባሏ ጓዳ ይዞት የከረመውን ነገር ከእንግዳ አፍ ሰማችው። ተቆጥታ ነበር፤ ወዲያው ግን ቁጣው ጠፋ፤ «እንዴት ይህን ሁሉ ለብቻህ?» ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱም ከአኖ ከተመለሰ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሸሻትም።

ቅዳሜ ሦስት ሆነው አኖ ሄዱ፤ እሱ፣ አዴ ድርቤና ሲስተር ሸዋጌጥ። ሲስተር ማንም ሳይጠይቃት ነው የመጣችው። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ተማሪ ይማርበታል። ጓሮው ታጥሯል፤ መቃብሮቹ ላይ ሣር በቅሏል። ዋቅወያ ቦታውን ሳይሳሳት አሳያቸው። አዴ ድርቤ ከወንዝ ዳር ያመጡትን እርጥብ ሣር አኖሩና ጮክ ብለው፣ እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ሲስተር ሸዋጌጥ አማተበች፤ ከዚያ እሷም አለቀሰች፤ ጩኸቷን የሚሸፍን ማሽን አልነበረም።

ወሬው በከተማው ስለተሰማ ጥቂት ሰዎች አጥሩ ጋ መጡ። አንዲት ሴት ዋቅወያን ለይታ አወቀችው፤ ረጅም አየችውና ፊቷን አዙራ ሄደች። አልተከተላትም። «እውነቷን ነው፤ ከእኔ ሌላ ማንን ትጥላ» አለ ኋላ ሲያወራ። አንድ ሽማግሌ ግን በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ።

«ሚስቴን እንዳላይ የከለከልከኝ አንተ ነህ» አሉት።

«እኔ ነኝ አባ።»

«ረግሜህ ነበር።»

«አውቃለሁ፤ ሰምቻለሁ።»

ሽማግሌው ወደ መቃብሩ አዩ። «ልጆቼን ይዤ ነበር የመጣሁት። ብታስገባኝ ይገቡ ነበር። አሁን ሁሉም ቤቴ አሉ። እርግማኔን ላነሣ ነው የመጣሁት» አሉና ምርኩዛቸውን መሬት አስነክተው መረቁት። ዋቅወያ ጎንበስ ብሎ «አሜን» አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ተነሥቶ ዳነ ብል ውሸት ይሆንብኛል። በረኪናውን ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ ጓዳውን ለቆ ወደ አልጋው ተመለሰ። ለገና ከሁላችን ጋር ከአንድ ማዕድ በላ። ጃለኔ ግን እንደ ትልቅ ሰው በአንድ ምርቃት የምትታረቅ አልነበረችም። ወርቂቱ «ያዛት፣ ሳማት» ስትለው «አይሆንም፣ እኔ ነኝ ያስፈራኋት፤ እሷ ትምጣ» አለ። ከሥራ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ይቀመጥና መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። እሷ ከሩቅ ታየዋለች። አንድ ቀን ጠጠር አምጥታ መዳፉ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች። በማግስቱ ቅጠል። ከዚያ የበቆሎ ፍሬ። አንድ ምሽት ደግሞ የምታመጣው አጣችና የራሷን እጅ አኖረችበት። ወርቂቱ ከውስጥ ሆና አይታ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ኋላ ተመለሰች።

ወደ ዋርድ ሥራው የተመለሰው ከጥምቀት በኋላ ነው። ሲስተር ሸዋጌጥ ደግሞ ከአኖ የተመለሱትን ሠራተኞች እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቷ እየሰበሰበች ማብላት ጀመረች። ማውራት የፈለገ ያወራል፤ ያልፈለገ በልቶ ይሄዳል። ወለል አጣቢዋም ጥበቃውም ይመጡ ነበር። ሐኪሙም ይመጣ ጀመር፤ በሁለተኛው ጊዜ እሱም አወራ።

በሚቀጥለው ዓመት በዴዴሳ ቆላ ኩፍኝ ተነሣና የሚሄድ ሠራተኛ ተፈለገ። ማንም ዋቅወያን አልጠየቀም፤ እሱ ግን እሄዳለሁ አለ። ሆኖም ሐኪሙን ሁለት ነገር ለመነ፤ ዘመድ ከርቀትም ቢሆን በሽተኛውን የሚያይበት ቦታ እንዲኖር፣ በሩ ላይም አንድ ሰው ብቻውን ሁልጊዜ እንዳይቆም፣ እየተፈራረቁ እንዲሆን። ሐኪሙ ሁለቱንም ፈቀደ።

ሥራው አልቆ ሲመለስ ወርቂቱ በዚህ ጊዜ ጎረቤት አልጠራችም። ከጓሮ ሆኜ ልብስ ሳሰጣ አየኋቸው። ግቢያቸው ካለው የዋንዛ ጥላ ሥር አስቀመጠችው፤ ምግቡን አጠገቡ አኖረችና እሷም ተቀመጠች።

«እንዴት ነበር? ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው።

እሱም ከመጀመሪያው ጀመረላት። ምግቡ ቀዘቀዘ፤ ማንሳቱን ሁለቱም አላሰቡትም።